ጋርመንት ወይስ አካውንቲንግ? ከደሴ ለፃፈችልኝ ልጅ

ሰላም እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ጥያቄሽን ለሌሎቹም ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ፐርሰንት አልሞላልሽም፣ አንቺ ኮምቦልቻ ወርደሽ ጋርመንት (ልብስ ቆርጦ መስፋት) መማር ትፈልጊያለሽ፣ ወንድምሽ ደሞ ግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ልክፈልልሽ ይላል፣ እናትሽ ግን «12 ዓመት የተማርሽው ልብስ ሰፊ ለመሆን ነው እንዴ?» ብለው ተቆጥተዋል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ጋርመንቱን ተማሪ፣ ግን ማሽን ላይ ለመቀመጥ ብለሽ አትማሪው። ለሱማ ኮሌጅ ምን ያደርግልሻል፣ ፋብሪካ ራሱ ሰው ቀጥሮ አንዷን ስፌት ብቻ አለማምዶ ላይን ላይ (ሰራተኞች በተርታ ተቀምጠው እየተቀባበሉ የሚሰፉበት መስመር ላይ) ያስገባል፣ ኪስ ከደረሰሽ ኪስ እጅጌ ከደረሰሽ እጅጌ ስትሰፊ ትውያለሽ፣ ደሞዙም ያው ሰፈር ውስጥ የምትሰሚው ነው፣ ለግል ድርጅት ሰራተኛ በህግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚባል ነገር እስካሁን የለም። እናትሽ የፈሩት ይሄንን ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ኮሌጅ የሚገባው ለሌላው ስራ ነው። ቅድ የሚያወጣ (ልብሱ የሚቆረጥበትን ልክ የሚስል)፣ ኳሊቲ የሚቆጣጠር፣ ሰዓት ይዞ ላይኑን የሚያሰላ፣ ማሽን የሚጠግን ሰው አለ አይደል፣ እነሱ ጋ ለመድረስ። ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ። ስስ የሸሚዝ ጨርቅ ሲሰፋ ስፌቱ ተጨማደደ እንበል። ያልተማረው ሰው ክሩ ነው ብሎ ክር ይቀይራል፣ ያው ይጨማደዳል። የተማረው መጀመሪያ መርፌውን ያያል፣ ትናንት ጂንስ ተሰፍቶበት 16 ቁጥር እንደገባ ከሆነ ወደ 9 ወይ 11 ያወርደዋል፣ ከዛ የላዩንም ከስር ያለውን የቦቢኑንም ክር ቴንሽን (ውጥረቱን) ያላላል፣ ከዛም ጨርቁን የሚገፋውን ጥርስ ያያል። ቲሸርት ከሆነ ደሞ መርፌው ጫፉ ድቡልቡል ካልሆነ የጨርቁን ክር ይበጥሰዋል፣ ፋብሪካ ውስጥ ምንም አይታይም፣ ገዢው አንዴ ሲያጥበው ስፌቱ ዳር ዳሩን ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። እቃው ተመለሰ ማለት ነው። ይሄን ቀድሞ የሚያይ ሰው ነው የሚፈለገው።

ሌላው ስሌት ነው፣ ሂሳብ አልወድም እንዳትይኝ ብቻ። አንድ ቲሸርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 10 ደቂቃ የስፌት ስራ አለው እንበል፣ ላይኑ ላይ 30 ሰው አለ፣ ቀኑ 8 ሰዓት ማለትም 480 ደቂቃ ነው። 480 በ30 አባዢና ለ10 አካፍዪ፣ 1,440 ቲሸርት መውጣት ነበረበት። ማታ ሲቆጠር 720 ከሆነ ላይኑ 50 ፐርሰንት ላይ ነው። ግማሹ የት ገባ? አንዷ ጋ ስራ ተከምሮ ቀጥላ ያለችው እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ይሆናል፣ ክር አልቆ የሚያመጣ ጠፍቶ ይሆናል። ይሄንን ፈልጋ የምታገኝ ልጅ ኦፕሬተር ሆና አትቀርም።

ማሽን ጥገናውንም አስቢበት፣ ሴቶች ብዙም አይነኩትም ግን ኦቨርሎክ (የጨርቁን ዳር እንዳይተረተር የሚሰፋውን ማሽን) አስተካክሎ የሚያስነሳ ሰው ፋብሪካም ይፈልገዋል ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊም ይፈልገዋል።

ቴክስታይልና ጋርመንት አንድ እንዳይመስሉሽ ደሞ። ቴክስታይል ክር መፍተል፣ ሽመና፣ ማቅለም ነው፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያለው የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ስራው እሱ ነው፣ ኬሚስትሪ ከወደድሽ ማቅለሙ ይሻልሽ ይሆናል። ቆርጦ መስፋቱ ነው ጋርመንት። በዲግሪ ደረጃ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ይሰጣል፣ ያ ግን በውጤት ነው፣ ላሁኑ ያንቺ መንገድ ፖሊቴክኒክ ነው።

ፓርኩን ብቻ አምነሽ እንዳትገቢ ግን። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሁሉም ሰው ስራ በስራ ሊሆን ነው ብሎ ነበር፣ ከዛ በ2014 ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም መታ፣ በዛው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ የንግድ እድል አስወጣች፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት። ልጆቹ ምንም ሳያጠፉ ስራው ቀዘቀዘ። ስለዚህ ከተማሪ ዩኒፎርምና ከሰራተኛ ቱታ ጀምሮ ደሴ ላይ ለራስሽ መስራት የምትችይውን ቅድ ጎን ለጎን ልመጂ። አንድ ሲንጀርና አንድ ኦቨርሎክ ይዘው ከሁለት ሶስት ሰው ጋር ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሌሊት የሚሰሩ አሉ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ዞር ዞር ብለሽ ጠይቂ፣ ስራው እንዴት እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩሻል።

አካውንቲንጉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን አንቺ ደብዳቤሽ ላይ ስለሱ አንድ መስመር ነው የፃፍሽው፣ ስለ ልብስ ግን ሙሉ ገፅ። ወንድምሽ ሊከፍል ያሰበውን ብር ለማሽን መግዣ ቢያስቀምጥልሽ እመርጣለሁ።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን አንድ ቀን ስጪኝ። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂንም ሆነ ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ዘንድሮ በምን ዘርፍና በየትኛው ሌቭል እንደሚቀበሉ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፣ ከዛ ወርክሾፑን አሳዩኝ በያቸው፣ አትፈሪ። ማሽኖቹ ክር ገብቶባቸው እየተሰራባቸው ነው ወይስ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል? አፓረንት (ፋብሪካ ገብቶ መለማመዱን) የት እንደሚልኩና ያለፈው ባች ስንቱ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና ፈተናውን) እንዳለፈ ጠይቂ፣ ከተቻለ ሊጨርሱ የደረሱትን ልጆች ደጅ ላይ አናግሪ፣ እነሱ አይዋሹም። ኮምቦልቻ ከሆነ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ወርዶ መውጣቱን በታክሲ ሂሳብ አስልተሽ ከቤት ኪራይ ጋር አወዳድሪው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቅርብ ይመስላል እንጂ በክረምት ጭጋጉን ታውቂዋለሽ።

እናትሽንም ወርክሾፑን ስታዪ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ከመከራከር እዛው አይተው ቢጠይቁ ይሻላል።