ቴስታታውን እንደገና ከማውረድዎ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ጀልባዎ የብረት ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ እንግዳ ታመላልሳለች። ውስጧ የተተከለው ፐርኪንስ 4.236 የናፍጣ ሞተር በክረምቱ ወጥቶ ታድሷል፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ (ቴስታታውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ሁሉ አዲስ ነው። ወደብ ላይ ታስሮ ሲነሣ ምንም አይልም። ሐይቁ ላይ ሲወጣ ግን በደቂቃ ከ1,900 ዙር አያልፍም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ይወጣል፣ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ «ቴስታታው እንደገና ይውረድ» (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት ይፈታ) ስላለ ምን ላድርግ ብለዋል።

አይውረድ። ቢያንስ ገና ነው። የዘረዘሯቸው ምልክቶች አራት ይመስላሉ እንጂ ብዙዎቹ የአንድ ችግር ፊቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በእኔ እምነት ደግሞ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ታድሶ የመጣ ሞተር ሲያስቸግር ሁሉም ሰው እጁ ወደ ተነካው ነገር ይሄዳል። ነገር ግን ሞተሩ ሲወጣና ሲመለስ ማኒኮቶው (የውሃ ቱቦ ጎማው)፣ የነዳጅ መስጫ ገመዱ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ፣ የጭስ ማውጫው፣ ዲናሞው ሁሉ አብሮ ተፈትቷል። ቴስታታ ማውረድ አዲስ ጓርኒሲዮን መጣል፣ ገና መላመድ የጀመረ ሞተር መረበሽ፣ የሥራ ቀን ማቃጠል ነው። የሚከተሉት ፍተሻዎች ግን ከናፍጣና ከጥቂት ሰዓት በቀር ወጪ የላቸውም።

መጀመሪያ የዙር መቁጠሪያውን እውነተኛነት ያረጋግጡ። በብዙ ጀልባዎች ላይ መቁጠሪያው የሚያነበው ከዲናሞው ነው። ሞተሩ ሲታደስ ዲናሞው ከተቀየረና ፑሌጃው ከቀድሞው ከተለየ፣ መቁጠሪያው 1,900 ሲል ሞተሩ 2,300 ላይ ሊሆን ይችላል። በብርሃን የሚያነብ የእጅ መቁጠሪያ ተውሰው ከፊት ባለው ትልቁ ፑሌጃ ላይ ይለኩ። ይህ ሳይጣራ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ወሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ካምቢዮው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) እንዳለ፣ ነዳጁን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻ ይስጡና ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ያንብቡ። ለጀልባ የተዘጋጀው 4.236 ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው እንደ አሠራሩ ከ2,500 እስከ 2,800 ዙር ላይ ነው፤ ያለ ጭነት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያልፋል። ፎሌ ላይም 2,100 ወይም 2,200 ላይ ከቆመ ፕሮፔለሩንም ቴስታታውንም ይርሱት። በመጀመሪያ የነዳጅ መስጫ ገመዱን ይዩ፤ አንድ ሰው መሪው ጋ ሆኖ እስከ መጨረሻ ሲገፋ፣ ናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ ማቆሚያ ብሎኑን መንካት አለበት። ካልነካ ገመዱ ሲገጠም አጥሯል፤ የጥገናው ዋጋ አንድ የቁልፍ ዙር ነው።

ክንዱ ብሎኑን እየነካ ዙሩ ካልወጣ ግን መካኒኩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ናፍጣ ፖምፓው የራሱ ነው ወይስ ከትራክተር የመጣ? ይህ ሞተር በማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይም የተገጠመ በመሆኑ ለእኛ አገር ትልቅ በረከት ነው፤ ፋሻና ኩሽኔታ ለማግኘት ውጭ አገር መላክ አያስፈልግም። ዳሩ ግን የትራክተሩ ሞተር የተወሰነው በ2,000 ዙር አካባቢ እንዲሠራ ነው፤ ፖምፓው ውስጥ ያለው የዙር መቆጣጠሪያም የሚያውቀው ያንኑ ነው። ከትራክተር የተወሰደ ፖምፓ በጀልባ ሞተር ላይ ልክ ይገባል፣ ሞተሩም ያለ ችግር ይነሣል፤ ከዚያ ዙር በላይ ግን አይሄድም። ፖምፓ ቤት ወስዶ ማስተካከል ይቻላል።

ፎሌ ላይ እስከ 2,700 ወጥቶ ጭነት ሲይዝ ብቻ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ሌሎች ናቸው፤ ጥቁር ጭሱንም ስናይ እርስዎ ዘንድ ያለው ይኸኛው ይመስለኛል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ወይ አየር አንሷል፣ ወይ ጭነት በዝቷል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ መጽሐፉ 80 ፈረስ ጉልበት የሚለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ 66 አካባቢ ነው። ጀልባዋ የመጣችው በባሕር ጠለል ልክ ከተሰላ ፕሮፔለር ጋር ከሆነ ፕሮፔለሩ ለዚህ አየር ከባድ ነው። የፕሮፔለር ቅስት (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) በአንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ድረስ ይጨምራል፤ ይህን የባሕር ዳር ቶርኖ ቤቶች ሁሉ ባይሠሩትም የሚችል ይገኛል። ነገር ግን ከማስቀየርዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ በዚሁ ፕሮፔለር ከእድሳቱ በፊት ስንት ዙር ታገኝ ነበር? 2,400 ታገኝ ከነበረ ፕሮፔለሩ በአንድ ክረምት አልከበደም፤ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ይላኩ። የእምቦጭ ሥር ወይም የፕላስቲክ መረብ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል፤ መረብ ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ እንደ ብረት ይጠነክራልና በቢላዋ መቆረጥ አለበት። ስትወጣ ወይም ስትገባ ድንጋይ ነክታ አንዱ ምላስ ታጥፎም ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ንዝረቱም ከዚሁ ነው የመጣው።

አየሩን መፈተሽ በጣም ቀላል ነው። ይህ ሞተር 3.86 ሊትር ነው፤ በ2,400 ዙር በደቂቃ ወደ 4,000 ሊትር አየር ይስባል። ብዙ ባለ ጀልባዎች ሞተሩ ሲታደስ «ድምፁ እንግዳ እንዳይረብሽ» ብለው የሞተሩን ሣጥን በስፖንጅና በጣውላ ያሽጉታል፤ አየሩ በየት ይግባ? ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው እየሄዱ ሳለ የሣጥኑን ክዳን ያስነሡ። ዙሩ ወዲያው ከፍ ካለና ጭሱ ከቀነሰ መልስዎን አገኙ፤ መጋዝ ይዘው ቀዳዳ ያብዙ። ካልተለወጠ የጭስ ማውጫውን ክርን ይፍቱ፤ ውሃና ጭስ የሚቀላቀሉበት ቦታ በጥቀርሻና በዝገት ይጠብባል። ሞተሩ በተፈታ ጊዜ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ቀዳዳው ላይ የተወተፈ ጨርቅ ተረስቶ መገኘቱም አዲስ ነገር አይደለም፤ ስቀው እንዳያልፉት።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሞተር ይሞቃልና ከላይ ያለው ሲስተካከል ሙቀቱም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። እስከዚያው ግን የሐይቁን ውሃ መንገድ ከታች ጀምረው ይከተሉ። እምቦጭ ጣና ላይ በፈረንጆቹ 2011 ከታየ ወዲህ የውሃ መግቢያው ወንፊት የጀልባ ሁሉ ራስ ምታት ሆኗል። በዝግታ ሲሄዱ የሚበቃው ቀዳዳ በፍጥነት አይበቃም። ከመግቢያው እስከ ውሃ ፖምፓው ያለው ማኒኮቶ አዲስ ከሆነ ይጫኑት፤ በጣት የሚሟሽሽ ከሆነ ለመሳብ የተሠራ አይደለም። ከፍ ባለ ዙር በውስጡ ተጣብቆ ይዘጋል፣ ሞተሩ ሲቆም ተመልሶ ይነፋል፤ ስለዚህ ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ «ደህና ነው» ይላል። እየሠራ ነው መታየት ያለበት።

የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፖምፓ ውስጥ ያለችውን የጎማ መዘውር አውጥተው ይዩ። ይህች ጎማ የምትለሰልሰው በራሱ በውሃው ነው፤ ደረቅ ከሆነች ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ትቃጠላለች። ብዙ መካኒኮች ሞተሩን አድሰው «ድምፁን እንስማው» በማለት መሬት ላይ ያስነሡታል። ያን ጊዜ ፖምፓው ተገጥሞ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። አንድ ምላስ እንኳ ከጎደላት አዲስ መግጠም ብቻ አይበቃም፤ የጎደለው ቁራጭ ሙቀት መለዋወጫው (የሐይቁ ውሃ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) መግቢያ ላይ ተሰክቶ ውሃውን ይዘጋል። ፍርፋሪው ሁሉ እስኪገኝ ይፈለግ። በክረምት የሚገባው ደለልም እዚያው ቱቦዎቹ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን የማቀዝቀዣ ውሃ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው የዚህ ውሃ መሙያ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን መፍያውን ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ያረጀ ክዳን የተመለሰበት ሞተር፣ ባሕር ጠለል ላይ ምንም በማይሆንበት ሙቀት ጣና ላይ ይፈላል። አዲስ ክዳን ርካሽ ነው።

ጓርኒሲዮኑን ለመክሰስ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡት። ሳይቋረጥ የሚፈልቅ አረፋ ካዩ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው በደቂቃ ውስጥ ድርቅ ካለ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ያን ጊዜ መካኒኩ ልክ ነው፤ ቴስታታው ይውረድ። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ማውረድ ራስ ለሚያመው ሰው ጥርስ እንደመንቀል ነው።

ንዝረቱ ፕሮፔለሩ ከታየ በኋላም ካልጠፋ የሞተሩና የዘንጉ መገጣጠሚያ ይለካ። መሬት ላይ የተስተካከለ ጀልባ ውሃ ላይ ሲያርፍ ቅርጹ ይለወጣል፤ አንድ ሁለት ቀን ከተንሳፈፈ በኋላ ፍላንጁን ፈትቶ ክፍተቱን በአራቱም አቅጣጫ በስስ የብረት መለኪያ ማየት ነው። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ፍላንጅ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ዘንጉን ሩብ ዙር እያዞሩ ይደግሙታል።

ሳልረሳው፣ በፍተሻው መካከል ሞተሩ አልነሣ ብሎ ደጋግመው የሚያስነሡ ከሆነ የሐይቁን ውሃ መግቢያ ይዝጉ። ሞተሩ ሳይነሣ ፖምፓው ውሃ እየገፋ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ይሞላል፤ የሚያስወጣው ጭስ ስለሌለ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። በተነሣ ቅጽበት ግን መክፈትን አይርሱ። ሞተሩ «ጓ» ብሎ በመሐል ከቆመ በባትሪ ማስገደድ ክልክል ነው፤ ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ በእጅ ማዞር ይገባል። እዚህ ላይ ነው ታጠፈ የሚባል የፒስተን ክንድ የሚመጣው።

ፍተሻው እስኪያልቅ ወደብ ላይ አስረው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛው ዙር) ለሰዓታት አያሠሩት። አዲስ ፋሻ የሚላመደው መጠነኛ ጭነትና ተለዋዋጭ ዙር ሲያገኝ ነው፤ በሚኒሞ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይት መብላት ይጀምራል። ከ25 እስከ 50 ባለው ሰዓት ውስጥ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ቫልቩንም ያስለኩ።

ፎሌ ላይና ጭነት ላይ በእጅ መቁጠሪያ ያገኟቸውን ሁለት ዙሮች፣ ሣጥኑ ሲከፈት የተለወጠውን፣ የጎማ መዘውሯንም ፎቶ እዚሁ ይለጥፉልን። ከዚያ በኋላ ስለ ፕሮፔለሩ መጠን ቁጭ ብለን እናሰላለን።