የስደቱን ሥዕል በጸሎት ቦታዬ ልስቀለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ጣልያን አገር ነው። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የቬኒሱ ሠዓሊ ዶሜኒኮ ቲየፖሎ የሠራውን የእመቤታችንን ስደት አይቼ እንባዬ መጣ። ኮፒውን ገዛሁ። በጸሎት ቦታዬ ልስቀለው? እዚያው አዳራሽ ሠዓሊዎች ለልምምድ የሣሏቸው የራቁት ሰውነት ጥናቶችም ነበሩ። ማየቴ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንባሽን አልነቅፍም። ሰው አገር ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ ቅርብ ነው።

ዶሜኒኮ ስደቱን በመዳብ ሰሌዳ ቀርፆ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1753 ነው፤ 24 ትዕይንት አድርጎ። ወንጌላዊው ማቴዎስ በጥቂት ቁጥር የነገረንን እሱ እርምጃ በእርምጃ ተከተለው። አህያዋ አለች፣ ጀልባው አለ፣ መላእክትም ሲያግዟቸው ይታያል። የጣዖት ሐውልት አጠገባቸው ሲሰበርም አለ። ኢሳይያስ «የግብጽም ጣዖታት በፊቱ ይርዳሉ» ያለውን አስቢ። በዚያው ምዕተ ዓመት እኛ ዘንድ እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ የቁስቋም ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቁስቋም እመቤታችን በስደቷ ያረፈችበት የግብጽ ቦታ ስም ነው። የሚታሰበው ያው ስደት ነው።

ግን የጸሎት ቦታሽ ላይ አትስቀዪው። ሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም ፊቱ የሚጸለይበት ቅዱስ ሥዕል፣ የራሱ ሥርዓት አለው። በእኛ ትውፊት ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ወደ አንቺ ሆኖ ይሣላል። ስትጸልዪ ያዩሻል። ዶሜኒኮ ግን እመቤታችንን አንዳንዴ ከጀርባ፣ መንገድ ላይ እንዳለች አንዲት እናት ነው የሚያሳየን። ይህ ለመማር መልካም ነው፤ ለመስገድ ግን አልተሠራም። በካህን ጸሎት የተባረከ የእመቤታችን ሥዕል ፈልጊና እሱ ፊት ጸልዪ። የገዛሽውን ሳሎን አድርጊው።

ስለ አካል ጥናቱ አትጨነቂ። ያ የሠዓሊ የቤት ሥራ ነው። ዶሜኒኮና አባቱ ጃምባቲስታ በሰማያዊ ወረቀት ላይ በቀይና በነጭ ጠመኔ እጅና ራስ እየደጋገሙ ይለማመዱ ነበር። ጨርቅ የያዘ እጅ በትክክል ካልተሣለ ሕፃኑን ያቀፈችው እናትም አታሳምንም። አካልን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ማየት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ልብሽ ወደ ምኞት ሲሄድ ከተሰማሽ ግን እለፊው፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይህ ስደት የሚታሰብበት ወቅት፣ ጽጌ ነው። ያኔ ሥዕሉን አውርጂና ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ከጎኑ አድርገሽ አንብቢው። ልጆች ካሉሽ አህያዋን እነሱ ይፈልጉልሽ።