ነጩን ሁሉ በአንድ ስም አትጥሪው

እህቴ፣ «ለገጣፎ ሰፈራችን ቢራቢሮ እየጠፋ ነው፤ እንዴት ልቁጠር? ትክክለኛ ስማቸውንስ ከየት ላግኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሱሉልታ ሦስት ዓመት ቆጥሬያለሁ። ሁለቱ ዓመት ከንቱ ቀርቷል። አንቺም እንደኔ እንዳትለፊ ልንገርሽ።

1. መንገድሽን አንዴ ምረጪና አትቀይሪው። እንግሊዞች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ያንኑ መንገድ በዝግታ ይሄዳሉ፤ በግራና በቀኝ 2.5 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ ይመዘግባሉ። እኔ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት እወጣለሁ። ከደመነ ይቅርብሽ።

2. ስም። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። ጎመናችን ላይ የሚያንዣብበውን ነጭ ሁሉ ስልኬ «ፒየሪስ ብራሲኬ» ሲለኝ አምኜ ደብተር ሞላሁ። ለካ እሱ የአውሮፓው ነው! የኛ ደገኛው ፒየሪስ ብራሲኮይደስ ይባላል። ስማቸው ስለተቀራረበ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም።

ደግሞ ብዙዎቹ እሱም አልነበሩም። አንድ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ አንዷን ጎመን ቅጠል ላይ አገኘኋት። በርዷት መብረር አልቻለችም። ተንበርክኬ አየሁ። በተገጠመው ክንፏ ላይ ቡናማ መስመር እንደ መረብ ተዘርግቷል። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው፣ ሰዎች የእንስሳና የዕፅዋት ፎቶ እየጫኑ ስም በሚለዩበት ድረ ገጽ ላይ ስጭነው የሚያውቁ ሰዎች «ቤሌኖይስ አውሮታ ናት» አሉኝ። እሷ ተጓዥ ናት። አንድ ሰሞን በመንጋ ታልፋለች፣ ሌላ ጊዜ ደብዛዋ ይጠፋል። እንግዲህ ደብተሬ «ቀነሰ» ሲል የቀነሰው ደገኛው ይሁን፣ ተጓዧ ሳትመጣ ቀርታ ይሁን በምን ልወቅ? ሁለት ዓመት ሙሉ!

ያንን ደብተር ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄም ነበር። ከቢሮ ቢሮ አንከራተቱኝ። በመጨረሻ አንዱ «ለቢራቢሮ ነው እንዴ ሥራ የምታስፈታን?» አለኝ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሁሉ የከፋው ግን አንድም ሰው ደብተሩን አልገለጠውም። ቢገልጡት ስህተቴን ያኔ አውቀው ነበር።

3. ፎቶ ሁለት አንሺ፤ ክንፉ ተከፍቶም፣ ተገጥሞም። ካልቻልሽ ስም አትጻፊ። «ያልተለየ ነጭ» የሚል ዓምድ ይኑርሽ። የኔ ደብተር ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ አለው። አደይ አበባው ሳይረግፍ ብራሲኮይደስን በሁለቱም በኩል አነሳሁት። ስሙን በእስክሪብቶ የጻፍኩት ያን ቀን ነው።