የግሪንሃውስ ላስቲክ ከዋስትናው ዘመን ቀድሞ ለምን ይቀደዳል? ለጠያቂው ወንድማችን የተሰጠ መልስ

የሦስት ዓመት ዋስትና ያለው የግሪንሃውስ ላስቲክዎ በሁለተኛው ዓመት መሰነጣጠቅ እንደጀመረ ገልጸው፣ ሻጩ አታሎኝ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሆለታ አካባቢ ጽጌረዳ ሳመርት ይኸው ስለደረሰብኝ፣ እርስዎም ለነጩ የቅጠል በሽታ ድኝ እንደሚያጤሱ ገምቼ እመልሳለሁ።

1. በመጀመሪያ ስንጥቁ የት እንዳለ ይመልከቱ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተባብሮ ላስቲኩ የተሠራበትን የፖሊኢትሊንን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፤ ላስቲኩም የመለጠጥ ኃይሉን አጥቶ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ስንጥቁ ላስቲኩ የቤቱን ብረት በሚነካበት መስመር ላይ ብቻ ከሆነ፣ የጋለው ብረት ጉዳቱን አፋጥኖታል ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ላስቲክ ከመወጠሩ በፊት የሚያርፍበትን ብረት ነጭ ቀለም ያስቀቡት።

2. ጣሪያው በሙሉ ከደረቀ ግን ድኙን ይጠርጥሩ። ጥቁር የውሃ ቱቦ ጨረርን የሚቋቋመው 2 በመቶ ያህል የካርቦን ጥላሸት ስለተጨመረበት ነው፤ ብርሃን ማሳለፍ ላለበት ላስቲክ ግን ይህ አይሆንም። በምትኩ በአብዛኛው ሃልስ የሚባል መከላከያ ይገባበታል። ሃልስ የአሚን ዘር፣ ማለትም ከአሲድ ጋር የሚዋሃድ ናይትሮጅን ያለበት ውህድ በመሆኑ፣ ከድኝ የሚመነጨው አሲድ ሲያገኘው ወደ ጨውነት ይለወጥና ሥራውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ለጨረሩ የተጋለጠ ነው። ይህን ከሽያጩ በፊት የነገረኝ አልነበረም። አቤቱታዬን ይዤ የሻጩ ቢሮ ስሄድ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሠራተኛ ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ «ድኝ ካጤስክ አንከፍልህም» አለኝና ላስቲኩ የሚችለው የድኝና የክሎሪን ገደብ በደቃቅ ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት ያን ጊዜ ገና አወጣ። እኔም ሁለት ቁራጭ ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አንዱን የቆረጥኩት ከማጤሻው በላይ ካለው ጣሪያ፣ ሌላውን ድኝ ተጢሶበት ከማያውቀው የችግኝ ቤት ሲሆን፣ ሁለቱም ከአንድ ጥቅል የወጡ፣ በአንድ ሰሞን የተወጠሩ ናቸው። ይጎትታቸው ዘንድ ጠየቅሁት። የችግኝ ቤቱ ተለጥጦ ተለጥጦ ነጣ፤ ሌላው ገና ሳይለጠጥ ቀጭ አለ። የተሸጠልኝ ላስቲክ ለጽጌረዳ እርሻ የማይሆን እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጽጌረዳ አምራች መሆኔን እያወቁ ነው የሸጡልኝ። ገንዘቤን አልመለሱልኝም፤ ቀጣዩን ግዢ ግን ከሌላ ቦታ፣ የድኝ ገደቡን አስቀድሜ በጽሑፍ አስፈርሜ ፈጸምኩ፣ ያም ላስቲክ ዘመኑን ጨርሷል።

3. ከፍታውንም አይዘንጉ። በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዓመት የሚያርፈው የፀሐይ ኃይልም ከአገር አገር ይለያያል። ለሰሜን አውሮፓ ፀሐይ የተሰላ የዋስትና ዘመን እኛ ደጋ ላይ አይሠራም። ዋስትናው በስንት ኪሎላንግሌ (በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ኃይል መለኪያ ነው) እንደተሰላ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ሻጩን ቢያስቆጣውም አይፈሩ።

አሁን ሲገዙ ድኝን የሚቋቋም አዲሱን የሃልስ ዓይነት ይጠይቁ። ማጤሻውም ድኙን ያትንን እንጂ አያቃጥል፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ተክሉንም ይጎዳል። ከጥቅሉም አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። የጣሪያው ላስቲክ የመለጠጥ ኃይል ከመነሻው በግማሽ ሲቀንስ እንዳበቃለት ስለሚቆጠር፣ ክርክር ቢነሳ የሚያነጻጽሩበት ያ ቁራጭ ነው።