ጠይቁን፦ ስለ ሹሩባ፣ ጎፈሬና ቁንጮ

ጥር የሰርግና የጥምቀት ወር ነውና በዚህ ሰሞን ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጸጉር ናቸው። ከእነሱ አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ እኅቴ ጥር መጨረሻ ላይ ታገባለች። ለሰርጉ ቬሎ ትለብሳለች፤ ለመልሱ ግን እናታችን በአገር ልብስ፣ በሹሩባና በቅቤ እንድትታይላት ትፈልጋለች። ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ «ቅቤ የተቀባ ጸጉር አልሠራም» ብላለች። የትኛዋን እንስማ? ሹሩባውስ ከስንት ቀን በፊት ይሠራ?
— ከአዘዞ

መልስ፦ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የተሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ቅቤ የጠጣ ጸጉር ያዳልጣል፣ ጉንጉን አይዝም። ጠዋት ጠብቆ የተሠራው ማታ ይላላል፤ የቀለጠው ቅቤም በግንባር ወርዶ ሜካፑንና የነጠላውን ጥለት ያበላሻል። ጸጉር ሠሪዋ የፈራችው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቅቤው ይቅደም። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ያልነጠረ፣ ጨው ያልገባበት ለጋ ቅቤ አዘጋጁ። ለወጥ የነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው እርድ ነጩን ሻሽ ቢጫ ያደርገዋል፣ ቅመሙም የራስ ቅል ቆዳን ይቆጠቁጣል። ትከሻ ለሚደርስ ጸጉር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ይበቃል። የደረቀ አደስ ወቅጣችሁ፣ በደንብ ነፍታችሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉን ከቅቤው ጋር እሹት። ካልተነፋ ፍርፋሪው ጸጉሩ ውስጥ ይቀርና ፎረፎር ይመስላል። ጸጉሩን ከፋፍላችሁ ከመሐል እስከ ጫፍ ቀቡት፤ ደረቁና የሚሰበረው እዚያ ነውና ቆዳው ላይ ብዙ አታብዙ። ፎረፎር የሚያስቸግራት ከሆነ ቆዳውን ጭራሽ አትንኩት፣ ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ፈንገስ ቅባት ይመገባል። በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላ ሁለት ሦስት ሰዓት ትቆይና በሞቀ ውኃና በሻምፑ ሁለት ጊዜ ትታጠበው። ቀዝቃዛ ውኃ ቅቤውን ያረጋዋል፤ የረጋው በጸጉሩ ላይ ቀርቶ አቧራ ይይዛል፣ በሁለተኛው ቀንም ይሸታል። ብዙዎች «ቅቤ ሽታው አይለቅም» የሚሉት አጥበው ባልጨረሱት ቅቤ ነው።

ሹሩባው ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ይሠራ። የመጀመሪያው ሌሊት ቆዳው ይወጠራል፣ ራስ ምታትም ሊኖር ይችላል፤ በማግስቱ ይረግባል። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ እርጥቡ ሲሠራ ተለጥጦ ይይዝና ሲደርቅ አጥሮ ሥሩን ይጎትታል። ከጫፍ ጀምሮ በሚዶ ይፈታ። መስመሩ በወስፌ ወይም በማበጠሪያ ጭራ ከግንባር ወደ ማጅራት ይሰመር። ሠሪዋ ሦስት ዘለላ ይዛ ትጀምርና በእያንዳንዱ ማቋረጫ ከሥር ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ትወርዳለች። አልባሶ ከሆነ ወፍራምና ቀጭን ጉንጉን ይፈራረቃሉ። ማጅራት ላይ ታስሮ የቀረው ትከሻ ላይ ይበተናል። ቀጭን ሹሩባ ሦስት አራት ሰዓት ስለሚፈጅ «ቶሎ በይ» እያላችሁ አታጣድፏት፤ የተጣደፈ እጅ ያጠብቃል።

ማጥበቁን የምታውቁት በግንባሩ ዳርና ከጆሮ በላይ ነው። የጉንጉኑ መነሻ ላይ ቆዳው እንደ ትንሽ ሽፍታ ነጣ ብሎ ካበጠ፣ ወይም ቅንድቧን ስታነሣ ካመማት፣ ያ ጉንጉን እዚያው ይፈታ። «ይለምዳል» አይባልም። በጥብቅ ሹሩባ ደጋግሞ የተጎተተ የግንባር ጸጉር መጀመሪያ ይሳሳል፤ ዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ አይመለስም።

ሌላም ችግር ይታየናል። ለቬሎው ጸጉሯ በፒያስትራ ተተኩሶ ስፕሬይ ከተነፋበት፣ በማግስቱ ለመልሱ ሹሩባ ማውጣት አይቻልም፤ ስፕሬዩ ሳይታጠብ ሚዶ ከገባ ጸጉሩ ይበጠሳል። እኛ የምንመክረው ሹሩባው ለሁለቱም ቀን እንዲሆን ነው። በፊት ለፊት ተሠርቶ ከኋላ የተበተነ ሹሩባ ከቬሎ ጋር እጅግ ያምራል፣ ወጪም ይቀንሳል።

እናታችሁ ቅቤ ሲሉ ስለ ጸጉር መለስለስ ብቻ እያሰቡ አይደለም። አናት ላይ የሚደረግ ቅቤ ምርቃት ነው፣ የጥጋብና የልምላሜ ምኞት። ድሮ ልጃገረዷ ሳዱላ ሆና፣ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ብቻ ጸጉር ትታ ትኖር ነበር፤ ስታገባ ነው ሙሉውን የምታሳድገው። ያየ ሁሉ ማን ልጃገረድ እንደሆነች፣ ማን እንዳገባች በጸጉሯ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በመልሱ ቀን እናት የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቅቤ በጣታቸው ይዘው አናቷን እየነኩ ይመርቋት። ያቺ አትፈስም፣ ልብስም አታበላሽም።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ለጥምቀት ሹሩባ ተሠርቼ እስካሁን አልፈታሁትም። አባቴ «ሹሩባ የሴት ነው» ብሎ ተቆጥቶኛል። ጓደኞቼ «አፄ ቴዎድሮስስ?» በለው ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?
— ከማራኪ

መልስ፦ ጓደኞችህ የጠቀሱት ነገር እውነት ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሠዉም ባለ ሹሩባ ነበሩ። እንግሊዞች ከንጉሡ ራስ ላይ የተቆረጠ ጸጉር ይዘው ሄደዋል። በሞቱ ጊዜ ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ቤተሰቦች ለንደን ለሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡት፤ ኢትዮጵያ ጠይቃ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰላት። ከ150 ዓመት በኋላ ሁለት ዘለላ ጸጉር ለመቀበል መንግሥት ልዑካን የላከው ጸጉሩ የሰውዬው አካል፣ ክብሩም ስለሆነ ነው።

ግን ይህን ብቻ ይዘህ አባትህ ፊት ብትቆም አታሸንፍም፤ እሳቸውም መነሻ አላቸው። በድሮው ዘመን የወንድ ሹሩባ እንዲሁ ያማረው ሁሉ የሚሠራው አልነበረም። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ጀግና ነው ጸጉሩ የሚጎነጎንለት፣ ቅቤ የሚቀባለት። ሥራ ሳይሠራ የተጎነጎነ ሰው ያልዋለበትን ጀግንነት እንደለበሰ ይቆጠር ነበር። በዚያ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 11 ወንድ ጸጉሩን ማስረዘሙን ይነቅፋል፤ አባትህ ከቤተ ክርስቲያን የሰሙት ይህንን ነው። ትምህርት ቤቱና ዘመናዊው ሠራዊት ደግሞ አጭር ጸጉርን የሥርዓት ምልክት አደረጉት።

ስለ ጎፈሬም አስብ። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በረሃ የገቡ አርበኞች ጠላት ሳይወጣ ጸጉራችንን አንቆረጥም ብለው አሳደጉት። አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች፤ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዚህ አገር አርበኛ ጎፈሬ ከሌላው ይልቅ ብዙ ወራት ቆይቷል። (ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገባ ቀና ብለህ ጣሪያውን እይ፤ የተደረደሩት የኪሩቤል ፊቶች ጥቁርና ክብ ጸጉር ነው ያላቸው። የጎንደር ሠዓሊ መልአክ ሲሥል ያሰበው የአገሩን ሰው ራስ ነው።)

እኛ ብንሆን ክርክሩን ትተን አባትህን ስለ አያትህ ጸጉር እንጠይቃቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለበዓል የተሠራውን ለበዓል ማድረግ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥም መፍታት አባትህንም ጸጉርህንም ይጠቅማል። ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ሹሩባ ሥሩ ላይ ይቋጠርና ሲፈታ ይበጠሳል። ስትፈታ ከጫፍ ጀምር፣ ትንሽ ዘይት አስነካው። በእጅህ ብዙ ጸጉር ቢመጣ አትደንግጥ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ጸጉር ይረግፍበታል፤ በጉንጉን የተያዘው የሦስት ሳምንቱ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚወጣው። ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ሳትሠራ አሳርፈው።

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ሁለት ሳምንት ሆነ። አክስቶቼ «ጸጉርሽን አለመላጨትሽ ነውር ነው» ይሉኛል። ባንክ ነው የምሠራው። አልላጭም ማለት እናቴን ክብር መንሳት ነው?
— ከፒያሳ

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ክብር መንሳት አይደለም።

አክስቶችሽ የሚናገሩት ቀድሞ የነበረ ልማድ ነው፤ ሴቷ ትላጫለች፣ ወንዱ ጢሙን ያሳድጋል፣ ለቅሶ ደራሹም ሳይጠይቅ ሐዘንተኛውን ይለያል። ኢዮብም ልጆቹ ሲሞቱበት ራሱን ተላጭቷል። ሆኖም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ለሞተ ሰው ብሎ ገላን መንጨትንና ራስን መላጨትን ይከለክላል። ካህናት ሐዘንተኛን ሲያጽናኑ ፊት መንጨትና ጸጉር መንጨት ይቅር የሚሉትም በዚህ ነው። ለሟች የሚጠቅመው ፍትሐቱ፣ ምጽዋቱና ተዝካሩ ነው።

አክስቶችሽን ሳታስቀይሚ ሐዘንሽን የምታሳይበት መንገድ አለ። እስከ አርባ ጥቁር ሻሽ እሰሪ፤ ጸጉርሽን አትሠሪ፣ አትተኮሺ፣ ቅቤም ይቅር። የአገሩ ሰው ይህንን ያነበዋል። «ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው» ካልሽ ደግሞ አክስቶችሽ አይገፉበትም፤ በእርግጥም ጠይቂያቸው።

አንቺው ራስሽ ልቤ ፈቅዷል ካልሽ ግን በአዲስ ምላጭ ይሁን። ለቅሶ ቤት አንዱ ምላጭ ለሦስት ሴት ሲዞር ይታያል፤ በጥቂት ደም የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ሐዘን አይለይም። መጀመሪያ በመቀስ ይጠር፣ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ይራስ፣ ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ይላጭ። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ለሹሩባ የሚበቃ ርዝመት ለማግኘት አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈጅ አስቀድመሽ እወቂ።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ በቁንጮው ዙሪያ ክብ ክብ እየሆነ ጸጉሩ ይረግፋል። ነጭ ቅርፊት አለው፣ ያሳክከዋል። ቅቤ ቀባሁት፣ ነጭ ሽንኩርትም አሸሁለት፣ አልተሻለውም። ቁንጮውን ማስላጨት ደግሞ ፈራሁ።
— አያት፣ ከቆላ ድባ

መልስ፦ እማማ፣ የነገሩን ምልክት ሁሉ የቆረቆር ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ከቆዳው አልፎ ጸጉሩ ውስጥ ይገባል። ቅቤው ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል እንጂ ከውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬውኑ ይተዉት፤ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቅባትም ለብቻው አያድነውም።

ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፣ ልኩም በኪሎው ነው የሚታዘዘው። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ከታዘዘለት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይስጡት፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ሊተወው ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ያን ጊዜ ነው፣ በሽታውም ተመልሶ ይነሣል። የታዘዘውን ጨርሱት።

ቁንጮውን በተመለከተ ስጋትዎ ይገባናል። ሕፃን ቢሞት መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል እየተባለ ያደገ ሰው በቀላሉ አያስላጨውም። መላጨት ግዴታ አይደለም። ዙሪያውን በመቀስ ማሳጠር ይበቃል፤ ምላጭ ቆዳውን ስለሚጭር በሽታውን ወደ ጤነኛው ቦታ ያዛምተዋል። ቁንጮው ራሱ ከታመመ ግን ያሳጥሩት፤ ሲድን መልሰው ያሳድጉለታል።

ሚዶው፣ ኮፍያውና ትራሱ ለብቻው ይሁን። ሚዶውን በፈላ ውኃ ይዘፍዝፉት። አብረውት የሚተኙትን ልጆች ራስ በብርሃን አገላብጠው ይዩ፤ ቤት ውስጥ ጸጉሯ የሚረግፍ ድመት ካለችም ለጤና ባለሙያው ይንገሩ። የታመመው ቦታ አብጦ፣ ሲነኩት ረግቦ መግል ካወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ እንዲህ ያለው ከዘገየ ጸጉሩ ዳግመኛ የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።