አይጥ፣ ፍልፈልና «ሃያ ሁለት» ጥይት፦ የመሃል ከተማ ግቢ ጥያቄና መልስ

በግቢና በጓሮ ስለሚያስቸግሩ እንስሳት ከመሃል አዲስ አበባ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ካዛንቺስ)፦ አጎቴ ፈቃድ ያለው ሃያ ሁለት ጠመንጃ አለው። ማታ ማታ ግቢ የሚወጡትን አይጦች ለመምታት የትኛው ጥይት ይሻላል? ፈጣኑ ወይስ ድምፁ ዝቅ ያለው?

መልስ፦ ለእናንተ ግቢ የትኛውም አይሆንም። ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል፣ ማለትም አፈሙዙ 0.22 ኢንች ለሆነው ጠመንጃ የተለመደው ጥይት፣ እርሳሱ ብዙውን ጊዜ 40 ግሬይን ነው፤ 2.6 ግራም ገደማ። ፈጣኑ በሴኮንድ 380 ሜትር አካባቢ፣ ዝግተኛው ከ330 በታች ይወጣል። ዝግተኛው ከድምፅ ፍጥነት ስለማያልፍ አየር ላይ አይጮህም፤ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእርሳሱ ክብደት ያው ነው፤ ፍጥነቱ በመቀነሱ ደግሞ ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ሲመታ ሳይበታተን ነጥሮ ይሄዳል። ሲመታ እንዲከፈት አፉ የተቦረቦረው እርሳስም በዚህ ፍጥነት ብዙ ጊዜ አይከፈትም፣ አይጧን በስቶ ያልፋል። የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር አያቆመውም። ፓኮው ላይ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ጥይቱ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊሄድ እንደሚችል ይናገራል፤ ከካዛንቺስ መስቀል አደባባይ ከዚያ ያነሰ ነው።

አጭሩ ባለ 29 ግሬይን ጥይትም ቢሆን ዓይን ከማጥፋትና ቆርቆሮ ከመብሳት አያንስም። በውስጡ ደቃቅ ፍንጣሪ የያዘው ደግሞ ከ3 ሜትር ሲያልፍ ይበተንና አቁስሎ ብቻ ይለቃል። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ የሚያዘው በፈቃድ ነው። አጎትህ ፈቃድ ቢኖራቸውም፣ ማታ መንደር ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ጎረቤቱ ስለ አይጥ አያስብም፤ ፖሊስ ነው የሚጠራው። ደግሞ ማታ አንዷን ብትመታ፣ ሌላዋ በ3 ሳምንት እርግዝና ስድስት ሰባት ትወልዳለች።

ጥያቄ (እዚያው)፦ የአየር ጠመንጃስ?

መልስ፦ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትሩ ግማሽ ግራም እርሳስ ይወረውራል፤ ለትንሿ አይጥ በቂ ነው፣ ለሰው ዓይንም እንዲሁ። ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ መጠየቅ፣ ከዒላማው ጀርባ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ማቆም፣ ልጅ የሚያልፍበት ግቢ ከሆነ ደግሞ እርግፍ አድርጎ መተው።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ከጎናችን ያሉት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ አይጥ በረከተብን። ወጥመድ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከወጥመድ በፊት ከቀዳዳ ጀምሪ። ቤት ሲፈርስ፣ የድሮ መጸዳጃና ቱቦ ሲደፈን፣ እዚያ የነበሩት አይጦች ምግብና ጉድጓድ ፍለጋ በቅርብ ወዳለው ቤት ይሄዳሉ። ያሉትን ብትጨርሺም ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ሌሎች ይተካሉ።

ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል፤ የመጻፊያ እርሳስ ከገባ እሷም ትገባለች። ለትልቁ አይጠ መጎጥ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ባትሪ ይዘሽ የምታዪው እነዚህን ነው፦ የቧንቧና የመብራት ገመድ መግቢያ፣ የበር ሥር፣ የቆርቆሮው እጥፋት ከግድግዳው ጫፍ ጋር የሚገናኝበት፣ የኮርኒሱ ማዕዘን፣ የፍሳሽ ክዳን። ቀዳዳው ሥራ ላይ መሆኑን ለማወቅ የተጨማደደ ጋዜጣ ወትፊበት፤ በሁለት ሦስት ቀን ከተገፋ ወይም ከተቦጨቀ ይመላለሱበታል ማለት ነው።

ለመድፈን ጨርቅና የሚነፋ ፎም አይረባም፣ ያኝኩታል። ድስት መፈግፈጊያ የሽቦ ስፖንጅ አጥብቀሽ ጠቅጥቂና በ1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ ለስኚ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ይህም አይበቃም፤ ልስኑን ትታ ጎኑን ጭቃውን ትፈለፍላለች። ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ ሽቦ ወንፊት ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር አሳልፈሽ በምስማር ምቺ፣ ከዚያ ለስኚው። የበሩ ሥር ከሰፋ የቆርቆሮ ቁራጭ ይመታበት። ከመሠረቱ ሥር የሚቆፍሩ ከሆነ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ቀብረሽ፣ ታችኛውን ጫፍ ወደ ውጭ ሌላ 30 እጠፊው።

አንዱን ዋና መተላለፊያ ግን ለመጨረሻ አቆዪ። ውስጥ ያሉት በወጥመድ ሳያልቁ ሁሉን ከደፈንሽ ኮርኒስ ላይ ሞተው ሳምንታት የሚቆይ ሽታ ያመጡብሻል።

ጥያቄ፦ ትልቁ ይሁን ትንሹ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በኩሱ። የትንሿ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ የሾለ፤ የትልቁ ከ12 እስከ 20 ነው። ከትልልቆቹ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝመው ወደ ላይ የሚወጣው ነው፣ ኮርኒስ ላይ ፈልገው፤ ጅራቱ የሚያጥረው መሬት ቆፋሪ ነው።

ጥያቄ (አራዳ)፦ ወጥመዱን ያልፉታል። አንዳንዴም ምግቡን በልተው ወጥመዱ አይዘጋም።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ይፈራል፤ ወጥመዱን ሳትወጥረው ምግብ አድርገህበት ከ4 እስከ 7 ቀን ተወው። መብላት ሲለምድ ባንድ ምሽት ሁሉንም ወጥር። ትንሿ አይጥ ግን አዲስ ነገር መመርመር ስለምትወድ ለሷ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምግቡ የሚበላው ብዙ ስለምታደርግ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል የለውዝ ቅቤ በቂ ናት፤ የወጥመዱ ምላስ (ምግብ የሚደረግበት መርገጫ) ላይ ጥብቅ አድርገህ ለቅልቃት። ቋንጣ ከሆነ በክር እሰረው፣ ስትጎትት ይዘጋባታል። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር መስቀለኛ ሆኖ ምላሱ ግድግዳውን ይንካ፤ ግድግዳ ታክከው ነው የሚሮጡት፣ መሃል ወለል ላይ ያለ ወጥመድ ጌጥ ነው። ለትንሿ በየ2 እና 3 ሜትር፣ ለትልቁ በየ5 ሜትር አኑር። ቁጥሩ ላይ አትቆጥብ፤ አሥር ወጥመድ ለሦስት ሌሊት፣ አንድ ወጥመድ ለወር ከማኖር ይሻላል። ለትልቁ የትንሿን ወጥመድ አትጠቀም፣ ጎትቶት ይሄዳል። የሙጫ ሰሌዳ አልመክርም፦ አቧራ ሲነካው ይደርቃል፣ የተያዘችውም በሕይወት ስትጮኽ ታድራለች። ሶኬት ላይ ተሰክቶ በድምፅ ያባርራል የሚባለውንም ገንዘብህን አታውጣበት፤ ቶሎ ይለምዱታል።

ጥያቄ (አራት ኪሎ፣ አንዲት እናት)፦ መንገድ ላይ የሚሸጠውን መርዝ በዳቦ ለውሼ አኖርኩ። ድመቴ ብትበላውስ? የልጅ ልጆችም አሉኝ።

መልስ፦ እማማ፣ አሁኑኑ ያንሱት። ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ አድርገው ይሰብስቡ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጽሑፍ የሌለው መርዝ ትልቁ ጉዳቱ፣ ልጅ ቢበላው ሐኪሙ ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል፣ ማርከሻም የለውም። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው እንክብል ደግሞ እርጥበት ብቻ ሲነካው ያንኑ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም።

መርዝ የግድ ከሆነ ስሙ የተጻፈበት፣ 0.005 በመቶ ብሮማዲዮሎን ያለበት ይሁን። ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አይጧ የምትሞተው ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይታ ነው፤ ማርከሻው ቫይታሚን ኬ1 ሲሆን የሚሰጠው በሐኪም ነው። ክዳኑ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ፣ በሽቦ ታስሮ ይቀመጥ፤ ምናለሽ ተራ ከቆርቆሮ ያሠሩታል። በየቀኑ ጓንት አድርጎ የሞተውን ማንሳትና መቅበር አለ። የተመረዘች አይጥ ዝግ ብላ ስለምትሄድ ድመትም ጭልፊትም ቀድመው የሚይዙት እሷን ነው። እንደኔ ግን ድመትና ሕፃን ባለበት ግቢ ወጥመድ ይበቃል።

ልጅ ከቀመሰው አያስታውኩት፤ ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጤፉን እንዴት ላስቀምጥ?

መልስ፦ በማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም። ክዳኑ የሚገጥም በርሜል፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። ድርቆሽም እዚያው ይግባ። የውሻ ሳህን ማታ ይነሳ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን።

ጥያቄ (ስድስት ኪሎ)፦ ጓሮዬን ፍልፈል አረሰው። ውኃ ብለቅበትም አልወጣም።

መልስ፦ አይወጣም፤ መተላለፊያው ረጅምና ቅርንጫፍ ያለው ስለሆነ አፈሩ ይጠጣዋል። አዲስና እርጥብ የአፈር ቁልል ፈልግ፣ ዋናውን መተላለፊያ በአካፋ ክፈትና ተወው። ፍልፈል ክፍት ቀዳዳ አይወድም፣ ሊደፍነው ይመጣል። ትልቁን ወጥመድ አፉ ላይ ዝቅ አድርገህ ቅበር፣ ገመዱን ከችካል እሰር፣ በጣውላ ሸፍነህ ብርሃን የሚገባበት ትንሽ ክፍተት ተው። አፈር ገፍቶ ወጥመዱን ከቀበረው ጠልቀህ ስላላስቀመጥከው ነው። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ስለሚኖር፣ አንድ ከያዝክ ያ መስመር ያርፋል። ካሮትና ቀይ ሥር የምትዘራበትን መደብ ከሥሩ ሽቦ ወንፊት አንጥፍበት።

ጥያቄ፦ ኩሱን ስጠርግ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በደረቁ አትጥረጊው፣ አቧራው ይተነፈሳል። መስኮት ክፈቺ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠሽ አርከፍክፊበት፣ 10 ደቂቃ ጠብቂና በጨርቅ ሰብስቢው። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ።