ኮትና ሱሪ ለየቅል፦ የቀለም ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ሱፌ ሱሪ አለቀ፤ ኮቱ ግን እንደ አዲስ ነው። ጥቁር ሱሪ ባደርግበት ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ሁለቱ ቀለሞች ስለሚቀራረቡ አምፖል ሥር አንድ ይመስላሉ፤ ደጅ ስትወጣ ግን ይጋለጣሉ፤ ያየህ ሁሉ መብራት ጠፍቶ የለበስክ ይመስለዋል። መካከለኛ ግራጫ ይሻልሃል። ከዚያ በፊት ግን ኮቱን ራሱን መርምረው። ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ወይም ቀጭን መስመር ያለበት ከሆነ፣ ምንም ብታደርግበት ሱሪው የጠፋበት ሱፍ መምሰሉ አይቀርም። ሻከር ያለ፣ ሽመናው በዓይን የሚለይ ጨርቅ ከሆነ ለብቻው ይቆማል። ያኔ ቁልፎቹን በቡናማ አስቀይራቸው። ፊት ለፊት 2 ወይም 3፣ በየእጅጌው 3 ወይም 4 ነው፤ የእጅጌው ቁልፍ አነስ ስለሚል ቆጥረህ ለየብቻ ግዛ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ለግራጫ ኮቴ ልክ እሱን የሚመስል ሱሪ ላሰፋ ነው። ስንት ሜትር ይበቃል?

መልስ፦ ስፋቱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ ከ1.20 እስከ 1.30 ሜትር ለአንድ ሱሪ ይበቃል። ነገር ግን "ልክ እሱን" የሚባለውን ተወው። ግራጫው በየማቅለሚያው ይለያያል፤ ያንተ ኮት ደግሞ ፀሐይና እጥበት አይቷል። ለጥቂት የሳተ ቀለም ስህተት ይመስላል፤ በደንብ የራቀ ግን ታስቦበት የተደረገ ይመስላል። ኮቱ ጠቆር ካለ ሱሪውን ፈዘዝ ያለ ግራጫ አድርገው። ኮቱን ይዘህ ሂድ፤ ጨርቁን ትከሻው ላይ ዘርግተህ ከሱቁ በር ውጭ ጥላ ውስጥ እየው፤ የሱቅ መብራት ያታልላል። ለባሕር ዳር ሙቀት ሳሳ ያለ ሱፍ ምረጥ፤ ወፍራሙ ለማርቆስ ብርድ ይሁን። ወደፊት ሙሉ ሱፍ ስታሰፋ ደግሞ ከዚያው ጥቅል 2 ሱሪ አሰፋ፤ መቀመጫውና ጭኑ ስለሚፋተግ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ልጄ በጥር ሚዜ ሊሆን ነው። ጥቁር ኮት በነጭ ሱሪ ካልሆነ ብሎ አስቸግሮኛል። ቁመቱ አጠር ይላል።

መልስ፦ እናቴ፣ ጥቁርና ነጭ ሰውን ወገቡ ላይ ለሁለት ይቆርጠዋል፤ አጭሩን ይበልጥ ያሳጥረዋል። ነጭ ሱሪ ገበር ከሌለው ደግሞ የኪሱ ጨርቅና የሸሚዙ ጫፍ በላዩ ይታያል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት በግራጫ ሱሪ ያድርግልዎ። ክሬምም ያምርበታል፤ ጥር ደረቅ ስለሆነ ነው እንጂ በክረምት ጭቃ ክሬም አይሞከርም።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ ባለ ዳማ ኮት አለኝ። ሱሪውም ባለ ዳማ ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ አንዱ ነጠላ ቀለም ይሁን። ከዳማው ቀለሞች ደብዘዝ ያለውን መርጠህ ሱሪውን በዚያ አሰፋ።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ ካልሲ ኮቱን ነው ሱሪውን የሚከተለው?

መልስ፦ ሱሪውን።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ጥቁር ግራጫ ሱሪዬ ጉልበቱና መቀመጫው አብለጨለጨ፤ ከኮቱ ጋር ሌላ ቀለም ሆነብኝ።

መልስ፦ መቀመጫውን ያበላሸው መፋተግ ነው፤ ጉልበቱን ግን ሳይሆን አይቀርም ካውያው። የጋለ ብረት በቀጥታ ሲያርፍበት የሱፉ ቃጫ ይጨፈለቅና ብርሃን ይመልሳል። ገልብጠህ፣ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ደርበህ፣ ሳትጎትት እያነሳህ ተጫነው። ከዚያ ገና እንፋሎቱ ሳይወጣ የተኛውን ቃጫ በብሩሽ አንሳው። ቃጫው ካለቀ ግን አይመለስም። ሙሉ ሱፍ ከሆነ ደግሞ ወደ ላውንደሪ ሱሪውን ብቻ አትላክ፤ ኮቱም አብሮ ይሂድ፣ አለዚያ አንዱ ቀድሞ ይፈዝዛል።